ውኃን በ«ኤ» ያለፈ

የውኃ ምህንድስና፣ ሦስተኛ ዓመት ነበርን፤
ግፊቱን በሰሌዳ፣ ፍሰቱን በደብተር ቆጠርን።
ከአራተኛው ፎቅ፣ በመስኮቱ፣ ጣና ይታያል፤
ፕሮጀክተሩ እንዲደምቅ ግን መጋረጃው ተዘግቷል።

እኔ ፍሉይድ ሜካኒክስን በ«ኤ» ያለፍኩ ሰው ነኝ፤
ዋና አልችልም፤
ማንም አልጠየቀኝ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቢራራ አንድ ሐሳብ አመጣ፦
«ዘጌ በታንኳ! ቀዝፈን! ወንድ የሆነ ይምጣ!»
«ሴትስ?» አለች ለሊሴ፤ ስምንት ዳቦ ገዝታ ቀድማ ወጣች።
የሞተር ጀልባማ ዋጋው ከኪሳችን ጋር ተጣላ፤
ከኋላችን፣ ሳይጠራ፣ መጣ ኦቻላ።

ኦቻላ የጋምቤላ ልጅ ነው፤ ቦታው ኋላ ወንበር፤
አማርኛው ሲሰናከል ስለምንስቅ፣
ከሰላምታ ወዲያ አይናገር።

እንድሪስ ሁለት ታንኳ ሰጠን፣ ከደንገል የታሰሩ፤
መታወቂያችንን መያዣ ወሰደ። «ከቀትር በፊት ድረሱ» አለ፣
«ከቀትር በኋላ ነፋስ ነው አዛዡ፣ በአገሩ።»
እኔ ደንገሉን በመዳፌ መታ መታ አድርጌ፣
ጥግግቱን ገምቼ፣ የሁለት ሰው ክብደት ደምሬ፣
«ይሸከማል» አልኩት።
ሳቀ። «ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ እስኪጠግብ ነው የሚሸከም።
ሒሳብህ ላይ ጥሙን ጨመርክ?»
አልጨመርኩም።

ጠዋት ሐይቁ የተወለወለ ሳህን ነው።
አንድ ፔሊካን እንደ ግቢያችን ዘበኛ
ከጎናችን ተንሳፈፈ፣ አጅቦ ሸኘን እኛን፣
መታወቂያ ሳይጠይቀን።

ቀትር ላይ ነፋሱ ተነሳ፤ ማንን ያስፈቅዳል?
ደንገሉ ጠገበ፤ እየከበደ ወደ ታች ይወርዳል።
ሱሪዬ ራሰ፤ ከዚያ ዳቦው፤ ከዚያ ስልኬ፤
የቢራራ ፉከራ ከወዲያኛው ታንኳ ላይ «እመቤቴ!» ሆነ።
ቀመሮቼን በስም በስማቸው ጠራሁ፤
አንድም አልመጣ።

«ተቀመጥ» አለኝ ኦቻላ። «ዝቅ በል።
ማዕበል በጎን አይምጣ። በአፍንጫ እንቀበል።»
አማርኛው አልተሰናከለ፤
ተሰናክሎም ከሆነ፣ የሚስቅ ሰው አልነበረ።
ባሮ ያሳደገው ትከሻ፣ አይቸኩልም፤
ሞገዱን እንደሚያውቀው በሬ በጀርባው ያልፈዋል እንጂ አይታገለውም።
ለሊሴ ሻርፗን ወረወረች፤
ታንኳ ከታንኳ አሰረ፤ ወደ ደንገሉ ጫካ መራን።

እዚያ መግቢያው ላይ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ።
ቢራራ «ድንጋይ ነው» ብሎ ማለ።
ድንጋዩ ተነፈሰ።
ኦቻላ መቅዘፊያውን አነሳ። «ቤቱ ነው። እንግዳ ነን። ዝም።»
እንደዚያ ጸጥ ያልንበት ክፍል፣ እስከ ዛሬ የለም።

ዘጌን አላየናትም።
ያረፍንበትን ዳርቻ ስም እስካሁን አናውቅም፤
ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አንድ አጥማጅ ሁለት ቀረሶ ሰጠን፣
በእርጥብ ዳቦ በላን፣ ማንም ጨው አላለም።
ሲመሽ የባሕር ዳር መብራት ከማዶ፣ ትንሽ፣ የሰው ነገር።
ለሊሴ እሳቱን እያየች፣ «ዋና የማይችል ማን ነው?» ስትል፣
እጄን አወጣሁ። ቢራራም። እሷም ራሷ።
የኦቻላ እጅ ብቻ እሳቱ ላይ ይሞቅ ነበር።

በሚቀጥለው ፈተና፣ ጥያቄ አራት፣ አምስት ነጥብ፦
«ተንሳፋፊ አካል የማይገለበጠው መቼ ነው?»
ቀመሩን ጻፍኩ፤ ከጎኑም በእርሳስ፣
«ኦቻላ ከኋላ ሲቀመጥ» አልኩ፤
ቆይቼ፣ ፈርቼ፣ አጠፋሁት በላጲስ።

እኔ ኤ። ኦቻላ ሲ።
አሁን ሁለታችንም ኋላ ወንበር ነን፤
መምህሩ ሲወጣ መጋረጃውን እንገልጣለን።
ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና ያስተምረኛል፤
እስካሁን «ኤፍ» ነኝ።